ከስብራቱ በታች፦ አጥንት ሲጎዳ ነርቭና የደም ዝውውር ለምን አስቀድመው መታየት አለባቸው

ክቡራትና ክቡራን፣

ሰው ወድቆ ወይም በመኪና ተገጭቶ አጥንቱ ሲሰበር የሁሉም ዓይን የሚያርፈው የተጣመመው ቦታ ላይ ነው። ተጎጂው አቅፎ የሚይዘው እሱን ነው፤ ቤተሰብ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው፤ ራጁም የሚያሳየው እሱኑ ነው። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ራጅ ስለማያሳየው ነገር ለመናገር ነው። አብዛኛው ስብራት በአግባቡ ከተያዘ ጊዜውን ጠብቆ ይገጥማል። ከዓመት በኋላ ያ እጅ ብዕር መጨበጥ፣ ያ እግር ደረጃ መውጣት መቻል አለመቻሉን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ አጥንቱ ሳይሆን አጥንቱን ታክኮ የሚያልፈው ነርቭ፣ ደም ወሳጁ ቧንቧና በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ነው። አጥንት ሳምንታትን ይታገሣል፤ ደም የተቋረጠበት ጡንቻና ነርቭ ግን የሚታገሡት ጥቂት ሰዓታትን ብቻ ነው። ስለዚህ እጅ ወይም እግር ሲጎዳ ከስብራቱ በታች ያለው ክፍል አስቀድሞ መታየት አለበት። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ላይ ያተኮረ ነው።

አጥንት ለምን ሊታገሥ እንደሚችል በመግለጽ ልጀምር። አጥንት በሕይወት ያለ አካል ነው። ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ሳይሰበር መጠነኛ መተጣጠፍ እንዲችል ያደርገዋል፤ ካልሲየምና ፎስፌት የያዘው ማዕድን ደግሞ ጥንካሬውን ይሰጠዋል። በውስጡ አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ዕድሜ ልክ ይሠራሉ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንዳስረዳው፣ አጥንት የሚሸከመውን ጫና ተከትሎ ቅርጹንና ውስጣዊ አወቃቀሩን ይለውጣል። ጫና ሲቀርበት ይሳሳል፤ ጫና ሲበዛበት ይጠነክራል። ለወራት አልጋ ላይ የዋለ ሰው አጥንት የሚሳሳውም በዚሁ ምክንያት ነው። አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ በስንጥቁ መካከል ደም ይቋጠራል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ለስላሳ ማያያዣ ይፈጠራል፤ ይህም ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል፤ ከዚያም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቅርጹን እያስተካከለ ይቆያል። የአዋቂ ሰው የእጅ አንጓ ስብራት በአብዛኛው በ6 ሳምንት ገደማ ሲይዝ፣ የቅልጥም አጥንት ከ3 እስከ 4 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በሕፃናት ላይ ይህ ሁሉ ይፈጥናል፤ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ደግሞ ይዘገያል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም አጥንት አንድ ዓይነት ትዕግሥት የለውም። በእጅ አንጓ ውስጥ ከአውራ ጣት በታች የሚገኘው ስካፎይድ የተባለ ትንሽ አጥንት ደም የሚያገኘው በአብዛኛው በጣቶቹ በኩል ካለው ጫፉ ስለሆነ፣ መሐሉ ላይ ሲሰበር ወደ ክንድ ያለው ክፍል ያለ ደም ሊቀር ይችላል። ይህ ስብራት በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይም ይችላል። በእጁ ተደግፎ የወደቀ ወጣት አውራ ጣቱ ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲነካ የሚያመው ከሆነ፣ ራጁ ደህና ነው ተብሎ መሰናበት የለበትም፤ እጁ በድጋፍ ተይዞ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና መታየት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ነርቮቹ ልሻገር። ነርቮች በአብዛኛው መንገዳቸው በጡንቻ መካከል ተሸፍነው ያልፋሉ፤ በጥቂት ቦታዎች ግን ከአጥንት ጋር ተጣብቀው ይሄዳሉ፤ አደጋው ያለውም እዚያ ነው። ራዲያል የተባለው ነርቭ የላይኛውን ክንድ አጥንት ከኋላ ዞሮ ይወርዳል። ይህ አጥንት መሐሉ ላይ ሲሰበር ከመቶ ሰዎች ከ10 እስከ 12 በሚሆኑት ላይ ነርቩ አብሮ ይጎዳል፤ እጁም ከአንጓው ይወድቃል፣ ጣቶቹንም መዘርጋት ያቅተዋል። ትከሻ ወደ ፊት ሲወልቅ የትከሻውን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው አክሲላሪ ነርቭ ይወጠራል። ከጉልበት በታች በውጪው በኩል፣ ከቆዳው ሥር በጣት ሊዳሰስ የሚችል ነርቭ አለ፤ እሱ ሲጎዳ እግር ወደ ላይ መነሣት ተስኖት ጣቶቹ መሬት እየጎተቱ ይራመዳል። ይህን ነርቭ ለመጉዳት ስብራት እንኳ አያስፈልግም፤ በጥብቅ የታሰረ ጄሶ ወይም ራሱን ስቶ ለረጅም ሰዓት በአንድ ጎን መተኛት ይበቃዋል።

እነዚህን ጉዳቶች ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የተጎዳው ሰው አውራ ጣቱን ወደ ላይ እንዲያነሣ፣ የአውራ ጣቱንና የጠቋሚ ጣቱን ጫፍ አገናኝቶ ክብ ቀለበት እንዲሠራ፣ ጣቶቹንም አራርቆ መልሶ እንዲገጥም መጠየቅ ብቻ ሦስቱን ዋና ዋና የእጅ ነርቮች ይፈትናል፤ የመጀመሪያው ራዲያልን፣ ሁለተኛው ሚዲያንን፣ ሦስተኛው አልናርን። እግር ላይ ደግሞ አውራ ጣትንና እግርን ወደ ላይ ማንሣት፣ ከዚያም ወደ ታች መጫን ይበቃል። ከዚህ ጋር የጣቶቹ ሙቀትና ቀለም፣ የልብ ምቱ መዳሰስ አለመዳሰሱ፣ የጣት ጫፎች ንክኪ መለየት አለመለየታቸው ይታያል። ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። አጥንቱ ከመቃናቱ በፊት ተደርጎ መመዝገብ፣ ከተቃና በኋላ መደገም፣ ጄሶው ከታሰረ በኋላም እንደገና መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ከመቃናቱ በፊት ይሠራ የነበረ ነርቭ ከተቃና በኋላ ከቆመ ሐኪሙ ሊወስደው የሚገባው እርምጃ ፈጽሞ የተለየ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ካልተመዘገበ ይህን ልዩነት ማንም ሊያውቅ አይችልም።

በሕፃናት ላይ አንድ ስብራት ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ዕድሜ ያሉ ልጆች ከከፍታ ወድቀው በተዘረጋ እጃቸው ሲያርፉ ከክርን በላይ ያለው ቀጭን የአጥንት ክፍል ይሰበራል። የተሰበረው አጥንት ሹል ጫፍ ወደ ፊት ሲገፋ የሚያገኘው ዋናውን የክንድ ደም ወሳጅና ሚዲያን ነርቭን ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከሚዲያን የሚወጣና ጡንቻን ብቻ የሚያዝ ቅርንጫፍ በመሆኑ ልጁ ስለ መደንዘዝ አያማርርም፤ ቀለበት ሥራ ሲባል ግን ጣቶቹ ክብ ሊሆኑለት አይችሉም። የሚያለቅስን ልጅ እያባበሉ ይህን ቀለበት ማሠራት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ግን በዚህ ስብራት ላይ ከዚህ የሚበልጥ ምርመራ የለም ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ሐኪሞች ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይሉታል። የክንድና የባት ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተከፋፍለው የተቀመጡ ናቸው፤ በባት ውስጥ ብቻ አራት እንዲህ ያሉ ክፍሎች አሉ። አጥንት ተሰብሮ ደም ሲፈስና ጡንቻው ሲያብጥ፣ ሽፋኑ እስከ አፉ እንደ ተሞላ ስልቻ ይወጠራል እንጂ ቦታ አይሰጥም። በውስጡ ያለው ግፊት እየጨመረ ሲሄድ መጀመሪያ የሚዘጉት ደምን ለእያንዳንዱ ሕዋስ የሚያደርሱት ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው። ትልቁ ደም ወሳጅ ግን ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ መምታቱን ይቀጥላል። ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይህ ነው፦ እግሩ ይሞቃል፣ የልብ ምቱ ይዳሰሳል፣ ጣቶቹ መልካቸው ደህና ነው፤ ጡንቻውና ነርቩ ግን በውስጥ እየሞቱ ነው። ጡንቻ ያለ ደም ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከቆየ በኋላ የሚደርስበት ጉዳት አይመለስም።

ምልክቱ ሕመም ነው፤ ግን የተለየ ሕመም ነው። የተሰበረ አጥንት በድጋፍ ከተያዘ በኋላ ሕመሙ መቀነስ ይኖርበታል። ይህ ግን በሰዓታት ውስጥ እየበረታ ይሄዳል፤ ማስታገሻ አይመልሰውም፤ ከጉዳቱ መጠን ጋርም አይመጣጠንም። የእግር ወይም የእጅ ጣቶች በሌላ ሰው እጅ ቀስ ብለው ሲዘረጉ ወይም ሲታጠፉ በባት ወይም በክንድ ውስጥ ኃይለኛ ሕመም ይቀሰቀሳል። በአውራ ጣትና በሁለተኛው የእግር ጣት መካከል ያለው ቆዳ መደንዘዝ ይጀምራል። ትንሽ ልጅ ይህን ሁሉ ሊናገር ስለማይችል በእሱ ላይ የሚታየው መቁነጥነጥ፣ መረበሽና ደጋግሞ ማስታገሻ መጠየቅ ነው። የልብ ምት እስኪጠፋና ጣቶች እስኪነጡ የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው አስቀድሞ የጠፋ እግር ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ መውጣቱም ከዚህ አደጋ አያድንም፤ ያለ ምንም ስብራትም፣ በመጨፍለቅ ወይም በቃጠሎ ሊከሰት ይችላል።

ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው ጽሑፍ በጥብቅ ማሰሪያ ከታሰሩ በኋላ የሚደርቁና እንደ ጥፍር የሚቆለመሙ እጆችን ገልጾ፣ ምክንያቱ የጡንቻ ደም ማጣት መሆኑን አስረድቷል። በስሙ የሚጠራው ይህ ጉዳት ከ140 ዓመት በላይ ከታወቀ በኋላ ዛሬም አለ። ሊቀር የሚችል ጉዳት ሆኖ ሳለ አለመቅረቱ የሚያስቆጭ ነው። ጄሶ የታሰረለት ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ስለ መድኃኒቱና ስለ ቀጠሮው ከመነገሩ በፊት፣ ሕመሙ እየጨመረ ከመጣ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ በሌሊትም ቢሆን መመለስ እንዳለበት ሊነገረው ይገባል። ሲመለስ መጀመሪያ የሚደረገው ጄሶውን ከነጥጡ፣ ቆዳው እስኪታይ ድረስ፣ ከላይ እስከ ታች መቅደድ ነው፤ ግማሹን ብቻ መቅደድ አይበቃም። እግሩ በልብ ትይዩ ይቀመጣል እንጂ ከፍ አይደረግም፤ ከፍ ማድረግ ለተራ እብጠት የሚጠቅም ቢሆንም በዚህ ጊዜ ግን ወደ ጡንቻው የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። ሕመሙ በዚህ ካልተመለሰ ሕክምናው አንድ ነው፦ ቀዶ ሐኪሙ ሽፋኑን በረጅሙ ይከፍታል፤ ቁስሉም ሳይዘጋ ለቀናት ይቆያል። ለማየት ያስፈራል፤ ሆኖም ያ ክፍት ቁስል ተዘግቶ ይድናል፣ የሞተ ጡንቻ ግን አይተካም።

አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። የወጣውን አጥንት ወደ ውስጥ መግፋት አይገባም፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ እግሩ ባለበት ተደግፎ፣ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ኢንፌክሽንን ለመከላከል አንቲባዮቲክ በደም ሥር በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ የቴታነስ መከላከያም እንዲሁ።

መገጣጠሚያዎችም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ዳሌ ሲወልቅ የጭን አጥንት ራስ ደም የሚያገኝባቸው ሥሮች ይወጠራሉ፤ ከኋላው የሚያልፈው ሳያቲክ ነርቭም ይጫናል። ስለዚህ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ የዘገየ እንደሆነ የአጥንቱ ራስ ሞቶ ከወራት በኋላ ሊፈርስ ይችላል። ከዚህም የሚከፋው የጉልበት መውለቅ ነው። ጉልበት ወልቆ በራሱ ሊመለስ ስለሚችል፣ ተጎጂው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ያበጠ ጉልበት ብቻ ይታያል፤ ራጁም ደህና ይመስላል። ከጉልበት ኋላ ያለው ደም ወሳጅ ግን ከውስጥ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ካልተጠገነ እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ብዙ ጅማቶቹ የተበጠሱ ጉልበት ሁሉ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ወልቆ የተመለሰ ጉልበት ነው ተብሎ ቢታሰብ እመርጣለሁ።

ምንም ሳይመታ በድንገት ያበጠ፣ የሚያቃጥልና መንቀሳቀስ የማይቻል መገጣጠሚያም በዚሁ መደብ ውስጥ ይገባል። ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በውስጡ ባክቴሪያ ገብቶ ከሆነ የአጥንት ጫፎችን የሚሸፍነው ልም አጥንት በቀናት ውስጥ ይበላል። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው ከጠፋ በኋላ ራሱን አይተካም። ትኩሳት ይዞት በአንድ እግሩ መቆም እምቢ ያለ ሕፃን በዚያው ቀን መታየት አለበት። በዕድሜ የሚመጣው የጉልበትና የዳሌ መጎዳት ግን የተለየ ነው፤ ችኮላ አይፈልግም። በመጠኑ መንቀሳቀስ፣ የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ክብደትን መቀነስ ብዙ ሰዎችን ከሕመማቸው ያሳርፋቸዋል፤ ያ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሻሻለው ዓይነት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አለ።

ወገብን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም በአብዛኛው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ የነርቭ ሥርን ሲነካ የሚመጣ ነው። እንደዚህ ያለው ሕመም ቢያስጨንቅም አብዛኛው ሰው በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። በዚህ መካከል አልጋ ይዞ መዋል አይጠቅምም። ኤምአርአይ ላይ የወጣ ዲስክ መታየቱ ብቻውንም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ማለት አይደለም፤ ምንም ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ ተመሳሳይ ነገር ይገኝባቸዋል። ነገር ግን አንድ የማይታለፍ ሁኔታ አለ። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው በወገብ የመጀመሪያውና ሁለተኛው አከርካሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች የሚወርዱት ተሰባስበው የሚሄዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው። ትልቅ ዲስክ እነዚህን በአንድነት ሲጫን ሰውየው በመቀመጫውና በብልቱ ዙሪያ ይደነዝዛል፤ ሽንቱን መሽናት ያቅተዋል ወይም ሳያውቀው ያመልጠዋል፤ ሁለቱም እግሮቹ ሊደክሙ ይችላሉ። ሰዎች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ ሐኪምም ለመጠየቅ ያፍራል። ግን ግፊቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተነሣ ሽንትን የመቆጣጠር አቅም ለዘለቄታው ሊጠፋ ስለሚችል፣ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል።

ነርቭ በዝግታም ይጎዳል። በእጅ አንጓ ውስጥ ዘጠኝ ጅማቶችና ሚዲያን ነርቭ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ፤ ቦታው ሲጠብ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ በሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፍ ያስነሣሉ። በእርግዝና፣ በስኳር በሽታና በታይሮይድ እጢ መድከም ጊዜ ይበረክታል። መጀመሪያ ላይ በሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይረዳል። በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ መሟሸሽ ከጀመረ ግን መተላለፊያውን በቀዶ ሕክምና ማስፋት ሊዘገይ አይገባም።

ነርቭ ከተጎዳ በኋላስ ምን ተስፋ አለ? እንግሊዛዊው ኸርበርት ሴዶን እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ከፍሎታል። በመጀመሪያው ነርቩ ሳይቋረጥ ለጊዜው ሥራውን ያቆማል፤ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። በሁለተኛው ውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰው ሽፋኑ ይቀራል፤ ክሮቹም ሽፋናቸውን ተከትለው እንደገና ያድጋሉ። በሦስተኛው ነርቩ ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል፤ ካልተሰፋም በራሱ አይገናኝም። ከላይኛው ክንድ ስብራት ጋር የሚመጣው የራዲያል ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። በስለት ወይም በጠርሙስ የተቆረጠ እጅ ከደነዘዘ ግን መጠበቅ ትርጉም የለውም፤ ቁስሉ ተከፍቶ ነርቩ መታየትና መሰፋት አለበት።

የሚያድግ ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። ጡንቻ ደግሞ ያለ ነርቭ ከ12 እስከ 18 ወር ከቆየ በኋላ ነርቩ ቢደርስለትም ሊቀበለው አይችልም። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሲገናኙ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ክርን አካባቢ የተቆረጠ አልናር ነርቭ ወደ እጅ ጥቃቅን ጡንቻዎች ለመድረስ 30 ሴንቲሜትር ያህል፣ ማለትም 300 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ቀዶ ሕክምናው ለስድስት ወር ከዘገየ ድምሩ 16 ወር ገደማ ስለሚሆን ውድድሩን የማሸነፍ ዕድሉ እጅግ ይጠብባል ማለት ነው። ያልተቆረጠ ነርቭ ቢሆንም በ3 ወር ገደማ ምንም የመመለስ ምልክት ካላሳየ ስፔሻሊስት ሊያየው ይገባል።

በዚህ ሁሉ የመጠበቂያ ጊዜ እጁ ዝም ብሎ መተው የለበትም። የወደቀው አንጓ በድጋፍ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ የደነዘዘው ቆዳ ሙቀትና ስለት ስለማይለይ በየቀኑ በዓይን ይፈተሻል፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በቀን ብዙ ጊዜ በሌላኛው እጅ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ራዲያል ነርቩ ሳይመለስ ቢቀር እንኳ ሌላ መንገድ አለ። ቀዶ ሐኪሙ በሚዲያን ነርቭ ከሚንቀሳቀሱት የክንድ ጡንቻዎች የአንዱን ጅማት አዛውሮ አንጓን ከሚያነሣው ጅማት ጋር ይሰፋዋል፤ ለጣቶችና ለአውራ ጣትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ታማሚውም በልምምድ እጁን እንደገና ማንሣትና መዘርጋት ይማራል። ይህ ሊሳካ የሚችለው ግን መገጣጠሚያዎቹ ሳይደርቁ ከቆዩ ብቻ ነው፤ በደረቀ ጣት ላይ የተዛወረ ጅማት ምንም አያንቀሳቅስም። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒው ሥራ የሚጀምረው ነርቩ መመለስ አለመመለሱ ከመታወቁ ከወራት በፊት፣ ጉዳቱ በደረሰበት በዚያው ሳምንት ነው።